«ይህንንማ ልጄም ይሥለዋል»፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በረቂቅ ሥዕል ለምን እንስቃለን?

ደብረ ብርሃን መሐል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል፣ ከእንግዳ መቀበያው ትይዩ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። መደቡ ግራጫ ነው። በላዩ ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች ወርደውበታል፤ በቀኝ በኩል ደማቅ ቀይ አለ፤ ከታች ወደ ግራ ያው ቀይ ተደግሟል። ሰው፣ ቤት ወይም ዛፍ የሚባል ነገር የለበትም። ከሥሩ ባሉት ወንበሮች ላይ ጠዋት ጠዋት የከተማዋን ብርድ በትኩስ ሻይ ለማባረር የምንሰበሰብ ደንበኞች አለን። ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል አንዳችን ቀና ብለን ሥዕሉን ማየታችን አይቀርም፤ ያን ጊዜ ተረቡ ይጀመራል።

«ሠዓሊው ብሩሹን የጠረገበት ጨርቅ ነው፤ ባለ ሆቴሉ ሥዕል መስሎት ሰቀለው» ይላል አንዱ። «ተገልብጦስ እንደሆነ ማን ያውቃል?» ይላል ሌላው። «የጎረቤቴ አህያ ጭራዋን ቀለም ውስጥ ብትነክር ከዚህ ትሻላለች» ያለም አለ። ጡረታ የወጡት መምህራችን ሁልጊዜ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው፤ «በስንት ኩንታል ጤፍ ተገዝቶ ይሆን?» ሁሉም እየተቀባበለ የሚደግመው ግን «ይህንንማ ልጄም ይሥለዋል» የሚለውን ነው።

እኔ ሥዕል እወዳለሁ። ረቂቅ ሥዕልም፣ ማለት የታወቀ ነገር መልክ የማይታይበትን ሥዕልም፣ እወዳለሁ። ቢሆንም ይህን ሳቅ እንደ ድንቁርና ከሚቆጥሩት ጋር አልስማማም። «ሕዝቡ አልገባውም» ብሎ ማለፍ ለሠዓሊውም ለሕዝቡም አልጠቀመም። እነዚህ ቀልዶች እያንዳንዳቸው ጥያቄ አዝለዋል፤ ጥያቄው ደግሞ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ሳይቀር የተነሣ ነው። መልስ የሚገባው ጥያቄ በሳቅ ተጠቅልሎ ስለመጣ ብቻ ጥያቄነቱ አይቀርም።

የመገልበጡን ነገር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሄንሪ ማቲስ «ጀልባው» የተሰኘ ሥራ 47 ቀን ሙሉ ተገልብጦ ተሰቅሎ ነበር። ስህተቱን ደርሳ ያስተዋለችው የሙዚየሙ ባለሙያ ሳትሆን ጎብኚ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጀርመን ውስጥ ዱሰልዶርፍ ከተማ ያለ ሙዚየም፣ ሆላንዳዊው ፒየት ሞንድሪያን በባለ ቀለም ማጣበቂያ ወረቀት የሠራው ሥዕል ከ1945 ጀምሮ ተገልብጦ ሲታይ የኖረ ሳይሆን እንደማይቀር አሳወቀ። ማጣበቂያው አርጅቷልና ቢያዞሩት እንዳይላቀቅ ሰግተው ባለበት ተዉት። ሻይ እየጠጣ የቀለደው ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ እውነቱን ነክቶታል፤ ባለሙያም ላይና ታቹን ሊስት ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሥራው ከንቱ ነው» ማለት ግን አይከተልም። ጋቢህን ገልብጠህ ብትደርበው ጋቢነቱ አይቀርም። የሞንድሪያን ሥዕል ሲገለበጥ የጠፋው ሚዛኑ ነው፤ መስመሮቹ የሚጠጋጉበት ጠርዝ ከላይ መሆን ሲገባው ከታች ሆኗል። ይህ ልዩነት እንደሚታይ፣ ስሜትም እንደሚለውጥ መናገር ይቻላል። ለመናገር ግን አንድ ሰው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ሊያሳየን ይገባል፤ በሆቴላችን እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም።

የአህያዋም ቀልድ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1910 ፓሪስ ውስጥ ሮላን ዶርዥሌስ የተባለ ጸሐፊ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሎሎ በምትባል አህያ ጭራ ላይ ብሩሽ አስሮ ሸራ አስቀባት። ሥራውን «ቦሮናሊ» በሚል የውሸት ሠዓሊ ስም ለዐውደ ርእይ አቀረበው፤ ተሰቀለም። ቀልዱ ዛሬም ድረስ ይወራል። ሲወራ የሚቀረው ነገር ግን ያ ዐውደ ርእይ ዳኛ ያልነበረው መሆኑ ነው፤ ደንቡ ያመጣ ሁሉ እንዲያሳይ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ አህያዋ ያሸነፈችው ዳኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በስዊድኗ ዮተቦርግ የሆነው ከዚህ ይከፋል። አንድ ጋዜጠኛ ከመካነ እንስሳት ቺምፓንዚ የቀባቸውን ሥራዎች ፒየር ብራሶ በሚል የፈረንሳይ ስም አሳየ፤ አንድ ሐያሲ በአደባባይ አወደሳቸው። እዚህ ላይ ተረበኛው አሸንፏል፤ ማመን አለብን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ሕዝብ ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ማንንም አያምንም፤ ይህ ጥርጣሬ ብዙ ነገር ያዳነ ጥርጣሬ ነው።

«ልጄም ይሥለዋል» ለሚለው ደግሞ የተፈተነ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የቦስተን ኮሌጅ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የታወቁ ረቂቅ ሠዓሊዎችን ሥራ ከሕፃናትና ከእንስሳት ሥራ ጋር ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ለተማሪዎች አሳዩ። አንዳንዱን ጥንድ ያለ ስም፣ አንዳንዱን በትክክለኛው ስም፣ አንዳንዱን ሆን ብለው ስሙን አቀያይረው አቀረቡ። ሥነ ጥበብ ያልተማሩት ሳይቀሩ፣ የሠዓሊውን ሥራ የመረጡት በዘፈቀደ ቢገምቱ ከሚያገኙት በላይ ነበር። ሁልጊዜ አላወቁም፤ አንዳንዴ ሕፃኑን ሠዓሊ አድርገውታል። ቢሆንም ዓይናቸው አንድ ነገር አይቷል፤ አንድ ሰው አስቦ ያስቀመጠውን መስመርና እንዲያው የተጫረውን መስመር በከፊል መለየት ችሏል። ለእኔ ከዚህ ጥናት የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፤ ያልተማረ ዓይን ባዶ ዓይን አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልከራከርም። ከየአቅጣጫው ተፈናቅሎ የመጣ ወገን በተጠለለባት ከተማ፣ ስለ ሥዕል ዋጋ የሚጠየቅ ጥያቄ የቅናት ጥያቄ አይደለም። በስልካችን እየተቀባበልን ያየነው ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ሙዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ማያሚ ላይ በ120 ሺህ ዶላር ተሸጠ፤ በ2024 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ ገዢውም በልቶ ጨረሰው። ሆቴሉ ውስጥ ይህ ዜና ሲነሣ መምህራችን ራሳቸውን ይዘው ዝም አሉ፤ ተረብ እንኳ አልመጣላቸውም። አንድ ነገር ግን ለይተን እንያዝ። ሙዙ ረቂቅ ሥዕል አይደለም። የጣሊያናዊው የጥበብ ሰው የማውሪዚዮ ካተላን ሥራ ነው፤ የተሸጠውም ፍሬው ሳይሆን ሐሳቡና የምስክር ወረቀቱ ነው። ረቂቅ ሠዓሊ ቀለም ደባልቆ፣ ደርቦ፣ ፍቆ፣ እንደገና ቀብቶ ወራት የሚፈጅ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። በሙዙ የተነሣ ንዴት አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ መክፈል ለቸገረው ሠዓሊ ሲተርፍ አዝናለሁ።

እዚህ ላይ በራሳችን ሆቴል የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ሰው ሳይበዛ በማለዳ ገብቼ ወንበር ላይ ወጣሁና ሥዕሉን በቅርብ አየሁት። ገጹ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ጥቁሩ መስመር ከሩቅ በሰፊ ብሩሽ በኃይል የተጎተተ ይመስላል፤ በቅርብ ሲታይ ግን የብሩሹ ፀጉር ያለፈበት ሰርጥ የለም፤ የቀለም ውፍረት የለም፤ ጠርዙ ላይ የማተሚያ ነጠብጣቦች ብቻ ይታያሉ። ጨርቅ ላይ የታተመ ቅጂ ነው። ሥራ አስኪያጁን ማን እንደሣለው ስጠይቀው ከሶፋውና ከመጋረጃው ጋር አብሮ የመጣ መሆኑን ነገረኝ። ስም የለውም፤ ፊርማ የለውም። ያን ሁሉ ጊዜ የተረብነው ማንም ሠዓሊ ኃላፊነት ያልወሰደበትን የቤት ዕቃ ነበር።

ይህ የእኛ ሆቴል ችግር ብቻ አይመስለኝም። በየከተማው አዳዲስ ሕንፃ በተከፈተ ቁጥር ግድግዳ መሙላት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የሚመረጠው ማንንም የማያስቀይም፣ ከወንበሩ ቀለም ጋር የሚሄድ ነገር ነው። አብዛኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ከረቂቅ ሥዕል ጋር የሚተዋወቀው በዚህ በኩል ነው። እውነተኛውን ማየት የፈለገ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደተከፈተው፣ በረቂቅ ሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም ወደተሰየመው ማዕከል መሄድ አለበት። እዚያ ሸራው ፊት ሲቆም ቀለሙ የተቆለለበትንና የሳሳበትን፣ ሠዓሊው ሐሳቡን ለውጦ በላዩ የደረበበትን ቦታ በዓይኑ ያገኛል። እዚያ ቆሞ «አልወደድኩትም» ቢል አስተያየቱ ክብር አለው፤ ምክንያቱም አይቶ ነው ያለው።

ገብረ ክርስቶስን ካነሣሁ አይቀር ከአንኮበሩ ልጅ ጋር ላስተያየው። አንኮበር ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1932 እዚያ ተወለደ፤ በዚያው ዓመት ሐረር ላይ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተወለደ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ገብረ ክርስቶስ በ1965 ተከታትለው ተቀበሉ። አንዱን ሸዋ በሙሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑ ባለ ቀለም መስኮቶቹን የቴሌቪዥን ዜና ላይ ያላየ የለም። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን የምናውቀው በገጣሚነቱ ነው። ከጀርመን ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሶ ረቂቅ ሥራዎቹን ሲያሳይ «ይህ ከእኛ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ነው» ተባለ። በስደት እንደወጣ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

የአፈወርቅን መስኮቶች ረጋ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። የሰዎቹ ልብስና ከጀርባቸው ያለው ሰማይ በሾሉ ባለ ማዕዘን የቀለም ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ነው። ፊቶቹን በእጅህ ሸፍነህ ብታየው የሚቀርህ ረቂቅ ሥዕል ነው። ያን የቀለም ድርድር ወድደነዋል፤ እንደወደድነው ያላወቅነው ፊት ስላለበት ብቻ ነው።

«ከእኛ አይደለም» ወደሚለው ልግባ፤ በዚህ ጉዳይ በጣም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማስመሰልን ግቡ አድርጎ አያውቅም። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሰው አንድ ዓይን የለውም፤ ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን «ተሳስቷል» አይልም፤ ምክንያቱም ልጅ ሳለን አያቶቻችን ክንዳችንን ይዘው «ያ በአንድ ዓይኑ የሚያየው ይሁዳ ነው» ብለው አሳይተውናል። ማንበብ ተምረናል። በብራና መጻሕፍት መግቢያ ላይ የሚሣለው ሐረግም እንዲሁ ነው። እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ታጥፎ፣ ወደ ራሱ የሚመለስ የቀለም ድርድር ነው፤ የምንም ነገር ምስል አይደለም። «ይህ ሐረግ ምንድን ነው የሚያሳየው?» ብሎ ጸሐፊውን ያስጨነቀ ሰው አልሰማሁም።

ከሁሉም በላይ ግን ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። መንዝ የበጉ አገር ነው፤ ባናውም የበጉ ፀጉር ነው። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ነጩ ከነጭ በግ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር መሐል ሜዳ ገበያ ባና ልትገዛ ሄደን አስታውሳለሁ። መጀመሪያ በሁለት እጇ ይዛ ወጠረችው። ቀጥላ ወደ ፀሐይ አንሥታ ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ፈለገች። ያን ጨርሳ መሬት ላይ አስነጠፈችውና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጥቁሩ ነጩን ውጦታል» አለች። ሻጩ ስለ ፈትሉ ጥንካሬ መማል ጀመረ። እናቴ ስለ ጥንካሬው አልተከራከረችም፤ «ጥሩ ነው፤ ግን ጥቁሩ በዝቶ አፍኖታል» ብላ ወደሚቀጥለው ሻጭ አለፈች። ሦስተኛው ላይ ገዛች። እንደገዛችው ዓይነት ባና ዛሬም አልጋዬ ላይ አለ፤ ነጩ ሰፊ፣ ጥቁሩ ቀጭን ሆኖ ጠርዙ ላይ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለ ሚዛን፣ ስለ ድግግሞሽ፣ ስለ ክፍት ቦታ ያደረገችው ፍርድ ግን የአንድ ረቂቅ ሠዓሊ የየቀን ሥራ ነው። ሠዓሊው ሸራውን መሬት ላይ አጋድሞ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያየው ያንኑ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለውን ሕዝብ «ለረቂቅ ጥበብ አልደረሰም» ማለት ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ከዚህ በላይ በምን ላሳይ?

ታዲያ ባና ላይ ያለን ፍርድ ሸራ ፊት ሲደርስ የት ይጠፋል? አንዱ ምክንያት ትምህርት ቤት ነው። ሥዕል ስማር መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጀበና ይሥሉ ነበር፤ ጀበናው በጣም የመሰለለት አሥር ከአሥር ያገኛል፤ ያልመሰለለት ይሳቅበታል። ሥዕል ማለት ማስመሰል ነው ብለን ያን ጊዜ ተማርን። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ከሆነበት እ.ኤ.አ. ከ1839 ወዲህ ግን ማስመሰሉን መሣሪያው ወስዶታል፤ ሠዓሊዎቹ «ለእኛ የቀረው ምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ ረቂቅ ሥዕል ነው። ይህን ታሪክ በአሥር ደቂቃ ለልጆች መንገር ይቻላል። ለእኛ አልተነገረንም።

ሌላው ምክንያት የባለሙያው አነጋገር ነው። አዲስ አበባ በገባሁባቸው ዐውደ ርእዮች ላይ በግድግዳው የሚለጠፈው መግለጫ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይከብዳል፤ አምስት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ አለ። የቅኔ መምህር ተማሪው ያልገባውን ቅኔ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ፣ ኅብረ ቃሉን አውጥቶ ይፈታለታል፤ መፍታቱ ክብሩን አይቀንስበትም። ሠዓሊዎቻችን «ተመልካቹ እንደፈለገ ይተርጉመው» ብለው ሲሸሹ ያሳዝነኛል። የሸማኔን ያህል እንኳ ቢነግሩን ይበቃን ነበር፤ ይህን ቀለም ለምን እዚህ አኖርከው፣ ምን አስቸገረህ፣ የቱን አጥፍተህ እንደገና ሠራኸው?

ባለፈው ክረምት አጎቴ ለጉልበታቸው ሕክምና ከመንዝ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ባና ሸማኔ ናቸው። አንድ ጠዋት ወደዚያው ሆቴል ይዣቸው ሄድኩ። ሻይ እስኪመጣ ጓደኞቼ እንደ ልማዳቸው ስለ አህያዋና ስለ ብሩሹ ጨርቅ ጀመሩ። አጎቴ አብረው ሳቁ። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ዘወር አሉና ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። አስተናጋጇ «አባቴ፣ ሻይዎ ይቀዘቅዛል» ብትላቸውም አልተመለሱም።

«ይህ ከላይ ያለው ቀይ ጥሩ ነው» አሉ ቆይተው። «ጥቁሩን ይዞታል። ይህን ታች ያለውን ግን ባይደግመው ይሻል ነበር። ዓይን ከላይ ወርዶ እዚህ ሲደርስ ሌላ ነገር ይጠብቃል፤ ያንኑ አገኘ።»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ወደ ታችኛው ቀይ ዞርን። ስለ አህያዋ የቀለደው ጓደኛዬ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ በመዳፉ የታችኛውን ቀይ ሸፈነው፤ አነሣው፤ እንደገና ሸፈነው።

«ቤትዎ ይሰቅሉታል?» ብለው መምህራችን አጎቴን ጠየቋቸው።

«አልሰቅለውም» አሉ አጎቴ፣ ሻያቸውን አንሥተው። «መደቡ ግራጫ ነው፤ ይበርዳል።»